ሕመሙ ቆመ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት አይደለም

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የጤና ክፍለ ጊዜ ከቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይስፈን።

በዛሬው ዝግጅታችን ጤነኛ ሲሆን ስለምንረሳው፣ ሲታመም ግን ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ አድርጎ ስለሚያሳድረን የሰውነታችን ክፍል፣ ስለ ጥርስ እንነጋገራለን። ንግግሩ ለሁሉም አድማጭ ይጠቅማል። በተለይ ግን ከምሥራቅ ደቡብ ጎንደር፣ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ያሉ ወንድሞችና እህቶች «ጥርሳችንን ሲያመን ወደ ሐኪም መሄድ ያለብን መቼ ነው?» ሲሉ ላነሱት ጥያቄ መልስ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው።

ከአንድ አባት ታሪክ ልጀምር። ከእስቴ ወገን ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም። ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ከታች በግራ በኩል ያለው አንዱ መንጋጋ ጥርሳቸው ከተቦረቦረ ቆይቷል። በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡ ብቻ ይወጋቸው ነበር። ቀጥሎ ትኩስ ሻይም ያማቸው ጀመር። ከዚያ ሌሊት እየጠበቀ የሚነሳ ሕመም መጣና ለሳምንት ያህል እንቅልፍ ነሳቸው። ቅርንፉድ ያዙበት፤ ነጭ ሽንኩርት ደቁሰው ያዙበት፤ ከሱቅ የሕመም ማስታገሻ ገዝተው ዋጡ። አንድ ቀን ጠዋት ሲነሱ ሕመሙ የለም። በቀዝቃዛ ውሃ ሞከሩት፤ ምንም አልተሰማቸውም። «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ገላገለኝ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከወራት በኋላ፣ ክረምቱ ገብቶ እርሻው በተጣደፈበት ሰሞን፣ ከመንጋጋቸው ሥር ማበጥ ጀመሩ። በሁለተኛው ቀን እብጠቱ ወደ አገጫቸው ዞረ። በሦስተኛው ቀን ምራቃቸውን መዋጥ አቃታቸው፤ ምላሳቸው ወደ ላይ ተገፍቶ ንግግራቸው ተለወጠ፤ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ ከጭቃው አውጥቶ መኪና ላይ አደረሳቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ አንገታቸው ተከፍቶ መግሉ ወጣ። ብዙ ቀን ተኙ። በአላህ ፈቃድ ተረፉ፤ ለሕክምናውና ለመንገዱ ግን አንድ በሬ ተሸጠ። ኋላ ላይ ሲናገሩ «ሕመሙ ሲቆም የዳንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥርሱ ሞቶ ነው» አሉ።

ውድ አድማጮቼ፣ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይህችው የእኚህ አባት አንዲት ቃል ናት።

ጥርስ እንዴት ይሞታል?

አላህ (ሱ.ወ.) ጥርስን ሲፈጥር በውጭ በኩል ያለበሰው ነጭ ሽፋን ከሰውነታችን ሁሉ የሚጠነክረው ነው፤ ከአጥንትም ይጠነክራል። ከሥሩ ለስለስ ያለ ሌላ ክፍል አለ። ከመካከሉ ደግሞ ሕይወት ያለው ሥጋ፣ የደም ሥርና ነርቭ አለ። ጥርስ ድንጋይ አይደለም፤ ሕያው አካል ነው።

በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። እኛ የምንበላውን ስኳርና ዱቄትነት ያለው ምግብ እነሱም ይመገቡትና አሲድ ያወጣሉ። አሲዱ ጠንካራውን ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። መጀመሪያ የሚታየው ቀዳዳ ሳይሆን ኖራ የመሰለ ነጭ ነጥብ ነው። በዚህ ጊዜ ጥርሱ አያምም፤ በጽዳትና ፍሎራይድ ባለበት የጥርስ ሳሙና ሊመለስም ይችላል። ሽፋኑ ሲበሳ ግን ቀዳዳ ይሆናል፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ይወጋናል። ይህ ቀዳዳ ተጠርጎ ሊሞላ የሚችልበት፣ ጥርሱ ሳይነቀል የሚድንበት ጊዜ ነው። ቀዳዳው ወደ መካከሉ ሲጠልቅ ነርቩ ይቆጣል፤ ውስጡ ያብጣል። ጥርስ ደግሞ እንደ ሥጋ የሚለጠጥበት ቦታ ስለሌለው ግፊቱ እረፍት የሚነሳ የሌሊት ሕመም ያመጣል። በመጨረሻ ነርቩ ይሞታል። የሚሰማው አካል ስለሞተ ሕመሙ ይቆማል። ባክቴሪያው ግን አልቆመም። በሞተው ጥርስ ሥር በኩል አልፎ ወደ መንጋጋ አጥንት ይገባል፤ መግል ይቋጥራል። መግሉ በድድ በኩል ቀዳዳ ካገኘ እየፈሰሰ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። መውጫ ካጣ ግን ወደ ጉንጭ፣ ወደ ዓይን አካባቢ ወይም ወደ አንገት ይሄዳል። የእኚያን አባት ትንፋሽ ሊዘጋ የነበረው ይህ ነው።

ስለዚህ ሕመሙ በሕክምና ሳይሆን በራሱ ጊዜ ሲጠፋ «ዳንኩ» ብለን የምንረሳበት ሳይሆን መነሳት ያለብን ሰዓት እሱ ነው።

የጋይንትና የእስቴ ጥርስ ምን ያገኘዋል?

ጋይንት ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከሩቅ አገር ለትምህርት የሚመጣው ተማሪም፣ ለገበያ የሚወጣው ሙስሊም ነጋዴም፣ በጉና ግርጌ የሚያርሰው ገበሬም የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው፤ የጥርስ ሕመም ሲመጣም ሃይማኖት አይለይም።

አባቶቻችን የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ እንጀራና ባቄላ ይበሉ ነበር፤ ስኳር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ዛሬ ሻይ በሦስትና በአራት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል። ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ ይሰጠዋል። እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ ይከፈታል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ምሬቱን ለማጥፋት ስኳርና ለስላሳ ለሰዓታት አፋቸው ውስጥ ያቆያሉ፤ ከጤናውም ከዲኑም አንፃር ሊያስቡበት የሚገባ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጥርስን ይበልጥ የሚጎዳው በአንድ ጊዜ የበላነው የስኳር ብዛት ሳይሆን በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ መመላለሱ ነው። ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ሻይና ቀኑን ሙሉ በፉት እየተባለ የሚውል ሻይ ለጥርስ እኩል አይደሉም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው በአፍና በጥርስ በሽታ እንደተያዘ ገልጿል። በቅርባችን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በባሕር ዳር ከተማ የ147 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥርስ ታይቶ 32ቱ የተቦረቦረ ጥርስ ተገኝቶባቸዋል። ከአምስቱ ልጆች አንዱ እንደማለት ነው። ከተማሪዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጥርሳቸውን የሚያጸዱት በእንጨት መፋቂያ ነበር። ይህም ወደ ሚቀጥለው ነጥባችን ይወስደናል።

መፋቂያና ሱና

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለሲዋክ የሰጡትን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን። ኡመታቸውን እንዳያስቸግሩ ባይሉ ኖሮ በየሶላቱ ሲዋክ እንዲጠቀም ያዙ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሲዋክ አፍን የሚያጠራ፣ ጌታንም የሚያስደስት መሆኑን አስተምረዋል። ከእንቅልፍ ሲነሱ ይፍቁ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመፋቂያ እንጨት በለመደባቸው አገሮች አገልግሎቱ እንዲቀጥል አበረታቷል። መፋቂያው አራክ ካልተገኘ በአገራችን የተለመዱት ወይራ፣ ልምጭና ክትክታ አሉ።

ታዲያ ሁለት ነገር እንዳይምታታብን። የመጀመሪያው አፋፋቁ ነው። ብዙዎቻችን የምንፍቀው ሰው ሲያየን የሚታየውን የፊት ጥርስ ብቻ ነው። የሚቦረቦረው ግን በብዛት የኋለኛው መንጋጋ ነው። መፋቂያውን ጫፉ እንደ ብሩሽ እስኪሆን ማኘክ፣ የፊቱንም የጀርባውንም የውስጡንም ገጽ ማዳረስ፣ ድድና ጥርስ የሚገናኙበትን መስመር ቀስ አድርጎ መፋቅ ያስፈልጋል። አጥብቆ እየገዘገዙ መፋቅ ድድን ያሸሻል። የተጠቀምንበት ጫፍ በየቀኑ ተቆርጦ አዲስ ይሁን፤ አንድ መፋቂያ ለሁለት ሰው አይሁን።

ሁለተኛው ነገር መፋቂያ መከላከያ እንጂ መድኃኒት አለመሆኑ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ተፍቆ አይሞላም። የቻለ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመተኛቱ በፊት፣ ፍሎራይድ ባለበት ሳሙና ይቦርሽ። ማሸጊያው ላይ «ፍሎራይድ» የሚል መኖሩን ያንብብ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የምታክል ሳሙና ትበቃዋለች፤ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታክል። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ቢቆይ ይጠቅማል።

ድድ ሲደማ

ሁለተኛው የተለመደ ችግር የድድ በሽታ ነው። ጥርስ በሚገባ ሳይጸዳ ሲቀር በሥሩ የተከማቸው ቆሻሻ ይደርቅና እንደ ድንጋይ ይሆናል። ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ስንፍቅ ይደማል፣ አፍ ይሸታል። ብዙ ሰው ደም ሲያይ መፋቅ ያቆማል፤ ይህ ስሕተት ነው። ደሙ የሚመጣው ቆሻሻው ስላለ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳቱ ይቀጥል፤ ደሙ በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ ሐኪም ጥርሱን ያጥበው። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያላላል» የሚባለው እውነት አይደለም። የደረቀው ክምችት ድድን ከጥርሱ እያሸሸ፣ አጥንቱንም እየበላ ስለሚሄድ ጥርስን የሚያላላው እሱ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሽንኩርት የበላ ሰው በሽታው ሰጋጁንና መላእክትን እንዳያስቸግር ከመስጊድ እንዲርቅ ማስተማራቸውን ስናስብ የድድን ነገር ለጀመዓው ስንልም ልንተወው አይገባም።

በአካባቢያችን እህቶች ድዳቸውን ይነቀሳሉ። አንዳንዱ ለውበት ነው፤ አንዳንዱ «የሚደማ ድድ ይድናል» ተብሎ ነው። ንቅሳት በዲናችን የተከለከለ መሆኑ የታወቀ ነው። በጤናም በኩል ጥቁረቱ መድማቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። መርፌው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዘዋወር ደግሞ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ነፍሰ ጡር እናቶችን በሚመለከት «በልጅ አንድ ጥርስ ይወድቃል» ይባላል። ጽንስ ከእናቱ ጥርስ ካልሲየም አይወስድም። በእርግዝና ጊዜ ድድ በቀላሉ ስለሚቆጣና ማስመለስም አሲድ ወደ አፍ ስለሚያመጣ ጥርስ ይጎዳል እንጂ የተጻፈ ዕጣ አይደለም። እርጉዝ ሴት ጥርሷን መታከም ትችላለች፤ መካከለኛዎቹ ወራት ይበልጥ ይመቻሉ። እርጉዝ መሆኗን ግን አስቀድማ ለሐኪሙ ትንገር።

የሕፃናት ነገር

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን አማናዎቻችን ናቸው። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ በሹል ነገር የሚቧጠጥበት፣ ያልበቀለ ጥርሱ የሚወጣበት ልማድ እስከ ዛሬ አልጠፋም። የተቅማጡ ምክንያት ጥርስ አይደለም። በተቅማጥ ውሃው ያለቀ ሕፃን ላይ ደም ማፍሰስ ለሞት መቸኮል ነው። የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ሊወጣ ይችላል። ሕፃኑ የሚያስፈልገው ኦ አር ኤስ፣ የእናት ጡትና ጤና ጣቢያ ነው።

«የወተት ጥርስ ስለሚወድቅ ቢበላሽ ግድ የለም» የሚለውም አይሠራም። የኋለኞቹ የወተት ጥርሶች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ለልጁ ያገለግላሉ፤ ለቋሚውም ጥርስ ቦታ ይጠብቃሉ። የሚያመው ልጅ አይበላም፣ አይተኛም፣ ትምህርቱንም ቁርኣኑንም አይቀራም።

ሌላም አለ። በምግብ እጥረት የተጎዳ ወይም ኩፍኝ ይዞት የነበረ ትንሽ ልጅ ድዱ ቆስሎ ከደማ፣ አፉ ክፉኛ ከሸተተ፣ ጉንጩ ካበጠ አንድ ቀን አታሳድሩት። ኖማ የሚባለው በሽታ በቀናት ውስጥ ጉንጭን በልቶ ይጨርሳል። በጊዜው ከተደረሰበት በጸረ ባክቴሪያ መድኃኒትና በምግብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ልጅ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ከወለቀ አትጣሉት። ጥርሱን ከሥሩ ሳይሆን ከነጩ በኩል ይዛችሁ፣ ቆሻሻ ከነካው በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለአፍታ አለቅልቃችሁ ወደ ቦታው መልሱት። ካልቻላችሁ ወተት ውስጥ ከታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። በሰዓት ውስጥ ከተደረሰ የመትረፍ ዕድል አለው። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም።

የጥርስ ትልና የቤት መድኃኒት

በየገጠሩ «ጥርሴን ትል በላው» ይባላል። የአስተናግር ወይም የእምቧይ ፍሬ በፍም ላይ ተደርጎ ጭሱ አፍ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውሃው ላይ ነጭ ነገር ሲወድቅ «ትሉ ወጣ» ይባላል። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ያ ነጭ ነገር በሙቀት ከፈነዳው ዘር ውስጥ የሚወጣ ነው። አስተናግር ደግሞ መርዝ ነው፤ አእምሮ ያስታል። ይህን ማታለል ያጋለጡት የዛሬ ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የደማስቆው አል-ጀውበሪ የአጭበርባሪዎችን ስውር ዘዴ በገለጠበት መጽሐፉ የጥርስ ትል አውጪዎችን ተንኮል አጋልጧል።

ከእሱም በፊት እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ያረፈው የኮርዶባው ሙስሊም ሐኪም አዝ-ዘህራዊ አት-ተስሪፍ በተባለው ባለ 30 ክፍል ሥራው ጥርስ የሚታጠብባቸውን መሣሪያዎች በሥዕል ጭምር አሳይቷል። ጥርስ ለመንቀል እንዳይቸኮልም አስጠንቅቋል፤ ሕመም ቦታውን ስለሚያሳስት ሕመምተኛው ጤነኛውን ጥርስ አስነቅሎ የታመመው ሊቀር እንደሚችል ጽፏል። ይህ ከሺህ ዓመት በፊት የተባለ ዛሬም በየገበያው በጉጠት ለሚነቀለው ወገናችን የሚሆን ምክር ነው። ባልተቀቀለ መሣሪያ መነቀል ከሕመሙ የባሰ በሽታ ያመጣል።

ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ለአንድ ሌሊት ማሳለፊያ ክፉ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ግን ድድን ያቃጥላል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥም ያቆስላል፤ የሚሠራው ሲዋጥ ነው። ነጭ ጋዝና የባትሪ አሲድ በፍጹም ወደ አፍ አይግቡ። ከሱቅ የሚገዛ አሞክሳሲሊን ሁለትና ሦስት ፍሬ ውጦ መተውም አያድንም። መድኃኒቱ በደም በኩል ነው የሚሄደው፤ በሞተው ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም የለም። እብጠቱ ለጊዜው ይጎድልና ምንጩ እዚያው ይቀመጣል።

ታዲያ መቼ እንሂድ?

ነገሩን በሦስት ከፍለን እንያዘው።

አንደኛ፣ በሚመቸን ቀን የምንሄድባቸው፦ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ነገር ሲወጋን፣ ጥቁር ነጥብ ወይም ቀዳዳ ስናይ፣ ድዳችን ሁለት ሳምንት ሲደማ፣ ምግብ በአንድ ቦታ እየተሰነቀረ ሲያስቸግር፣ ቆሎ ስንቆረጥም ጥርስ ሲሰነጠቅ። በዚህ ጊዜ ጥርሱ ብዙ ጊዜ በሙሌት ይተርፋል።

ሁለተኛ፣ በዚያው ሳምንት የምንሄድባቸው፦ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ሲነክሱበት የሚያም ጥርስ፣ ድድ ላይ የወጣ መግል ያለው እባጭ፣ በአዋቂ ሰው ላይ የተነቃነቀ ጥርስ፣ በራሱ ጊዜ የጠፋ ከባድ ሕመም፣ እንዲሁም ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት። ይህ የመጨረሻው የካንሰር መጀመሪያ ሊሆን ይችላልና ሲጋራ የሚያጨስ፣ ትምባሆ የሚይዝ ሰው አይናቀው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ትንሹም የድድ ቁስል ቶሎ ይታይለት።

ሦስተኛ፣ በዚያው ሰዓት የምንነሳባቸው፦ የፊት ወይም የአንገት እብጠት ከትኩሳት ጋር፣ አፍ መክፈት አለመቻል፣ ምራቅ መዋጥ አለመቻል፣ የድምፅ መለወጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ዓይን የሚወጣ እብጠት፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ አጥብቀው ጨርቅ ነክሰው የማይቆም ደም። ይህ ሲሆን «እስከ ነገ ጁሙዓ»፣ «እስከ ገበያ ቀን» አይባልም።

ወዴት እንሂድ ለሚለው፣ ጤና ጣቢያ ማስታገሻና ጸረ ባክቴሪያ ይሰጣል፤ ወደሚቀጥለውም ይልካል። በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከፍ ያለው ደብረ ታቦር ነው፤ ከዚያም ባሕር ዳርና ጎንደር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሐኪሞችን ያሠለጥናል። ከመንገድ በፊት በስልክም ሆነ በሰው በኩል በዚያ ቀን የጥርስ ሕክምና መኖሩን መጠየቅ ድካም ያተርፋል። የጤና መድን ያለው ሰውም ምን እንደሚሸፍንለት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገድ የተዘጋበት፣ ሕመምተኛ ከቤቱ መውጣት ያልቻለበት ጊዜ እንዳለ እናውቃለን። «መንገዱ እንዲህ ሆኖ እንዴት ለጥርስ እንሂድ?» ትሉ ይሆናል። መልሱ በራሱ በጥያቄው ውስጥ አለ። ትንሽ ቀዳዳ ይዞ የሚሄድ ሰው ሰላም የሆነውን ቀን መምረጥ ይችላል። አንገቱ ያበጠ ሰው ግን ቀን አይመርጥም። ሰላሙን አላህ ያምጣልን።

የፆምና የሕክምና ጥያቄ

«በረመዳን ጥርስ መታከም ፆም ያፈርሳል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው ጥርስ መቦርቦር፣ መንቀል፣ ማጠብ፣ እንዲሁም ሲዋክና የጥርስ ብሩሽ መጠቀም ወደ ጉሮሮ የሚሄደው እስካልተዋጠ ድረስ ፆም እንደማያፈርሱ ወስኗል። ምግብነት የሌለው መርፌም እንዲሁ። የሚፈራ ሰው ከፊጥር በኋላ ይታከም። ሕመሙ የጸናበት ደግሞ አፍጥሮ ቀዷ የሚያወጣበትን ገር መንገድ አላህ ሰጥቶታል። በረመዳን ሌሊት ከተምርና ከሻይ በኋላ ሳይፍቁ መተኛት ጥርስን ስለሚጎዳ ከሰሑር በኋላም ሱብሒ ሳይደርስ እንፋቅ።

ሴት ሐኪም ካልተገኘች እህታችን ከመሕረሟ ጋር ሆና በወንድ ሐኪም ትታከም ዘንድ ችግሩ ይፈቅድላታል። በሐፍረት ምክንያት የታመመ ጥርስ ይዛ አትቀመጥ።

ውድ አድማጮቼ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) «እንታከም ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ እንዲታከሙ አዘዋል፤ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አብሮ ማውረዱን ነግረውናል። መታከም ተወኩልን አይቃረንም። ቅዱስ ቁርኣንም በገዛ እጃችን ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ከልክሎናል። እኚያ የእስቴ አባት ዛሬ በመንደራቸው ጥርሱን ያመመውን ሰው ሁሉ «ሕመሙ ለቀቀህ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። «አዎ፣ ለቀቀኝ» ካላቸው «እንግዲያው ዛሬውኑ ተነሳ» ይሉታል። እናንተም ለጎረቤታችሁ ይህንኑ አድርሱ።

አላህ (ሱ.ወ.) የታመሙትን ይማርልን፤ ጤናችንን በዒባዳው የምንጠቀምበት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።